ምሳው አምባዛ ሊያርድ የወጣ ዕለት

ኒሯቅ ገበያ ገብታችሁ «የዓሣው ምሳው ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ የጠየቃችሁት ሰው አቅጣጫውን ከማሳየቱ በፊት ፈገግ ይላል። ፈገግ የሚያሰኘው ዓሣው አይደለም፤ ምሳው ገበያ መካከል ቢላዋ መዝዞ አምባዛ ሊያርድ የታገለበት ቅዳሜ ነው። ያን ቅዳሜ ሰቆጣ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሰሃላ ላይ ሌላ ዓይነት አድርገው ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ሰሃላ ሲደርስማ አምባዛው ጥጃ ያህላል። እኔ በቦታው ስለነበርሁ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው። ያላየሁትንም ካዩት ሰዎች ጠይቄያለሁ።

ምሳው የአበርገሌ ሰው ነው፤ ከፍየል ጋር ያደገ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ እጁ ሰፊ፣ ድምፁ ደግሞ ሸንተረር ማዶ ላለች ፍየል የተሠራ ነው። ቤት ውስጥ ሲያወራም ከዚያ አይቀንስም። ሚስቱ የትናየት «ምሳው ምስጢር የነገረኝ ለታ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ምክር ይሰጠናል» እያለች ትስቅበታለች።

ተከዜ ዳር ያማረ የማሽላ መሬት ነበረው። ግድቡ ተሠርቶ ውኃው ወደ ኋላ ሲተኛ ያ መሬት ከሥር ገባ። ከፍ ብላ የቀረችው ቁራሽ ቤተሰቡን ከገና አታሻግርም። ምሳው በመጀመሪያው ሰሞን እየሄደ ውኃው ዳር ይቀመጥ ነበር። ሰዎች «ምን ታደርጋለህ?» ሲሉት «እርሻዬ ታጥቦ እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነው» ይል ነበር። ቀልድ ያውቃል። ነገር ግን ቀልድ እህል አይሆንም።

በዚያ ዘመን፣ 2001 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የአገሩ ጎልማሳ ዐይኑን ወደ ዐረብ አገር ጥሏል። በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነው። የሚያሻግር ደላላ ክረምት ሳይገባ ኒሯቅ ይመጣል፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ እግሩን አነባብሮ ሰው ይመለምላል። ምሳውም ሄዶ ከደላላው ጋር ቃል ጨረሰ። የትናየት ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። የትናየት የማትጮኸው ነገር ሲከብድ ነው።

«ስማኝ ምሳው፤ ሂድም አልልህ፣ አትሂድም አልልህ። ሰውዬው የሚነሣው በጰራቅሊጦስ ነው አይደል?»

«ነው።»

«እስከዚያ ድረስ ያ እርሻህን የዋጠ ውኃ አንድ ነገር ከተፋልህ ትቀራለህ። ካልተፋልህ በሶህን እኔው ፈጭቼ፣ ስልቻህን እኔው አስሬ እሸኝሃለሁ።»

«ውኃ ምን ይተፋል?»

«ዓሣ ነዋ! ያቺ የግብርናዋ ልጅ ያን ሁሉ ስታስረዳ የት ነበርህ?»

«ከኋላ ተቀምጬ ነበር።»

«ተኝተህ ነበር በለኛ።»

የግብርናዋ ልጅ የተባለችው ሰርካለም ናት፤ ከሰቆጣ የመጣች ባለሙያ። መሬታቸው የተዋጠባቸውን ሰዎች በማኅበር ሰብስባ፣ መረብና አንዲት ጀልባ አስመጥታላቸው ነበር። አበርገሌዎች ውኃ አይፈሩም፤ ተከዜ ሲሞላ ፍየል ቆዳ ነፍተው ታቅፈውት የሚሻገሩ ናቸው። መረብ ግን አያውቁም። ሰርካለም አወራወሩን፣ አሳሳቡን፣ አጠጋገኑን አሳየቻቸው። ሁለት ነገር ደግሞ እየደጋገመች ትለምናቸው ነበር። «መረብ አታሳድሩ፤ ትንንሾቹን መልሱ። ዛሬ ትንንሹን ከጨረሳችሁ ነገ ትልቅ ከየት ይመጣል?» ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማታል። ስትሄድ መረቡም ያድራል፣ ትንንሹም ይጫናል።

ዓቢይ ጾምን በልምምድ ገፉት። ትንሣኤ ሆነ፤ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ምሳውና የማኅበሩ ጓደኛው ይስማው ያደረውን መረብ ጎትተው፣ ሁለት አህያ ቆሮሶ ጭነው ኒሯቅ ገቡ። ቆሮሶ ሰፋ ጠፍጠፍ ያለው፣ ሥጋው ነጭ የሆነው ዓሣ ነው። በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ለተሥላሴ ምግብ ቤት ሄዱ። ኒሯቅ ላይ ለተሥላሴ የቀመሰችውን ገበያው ይበላዋል፤ ለተሥላሴ የናቀችውን ዝንብ ብቻ ይበላዋል።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች፣ ወገቧን ይዛ።

«ዓሣ ነው እቴ። ትኩስ።»

«ማን አረደው?»

ምሳው ይስማውን አየው። ይስማው አህያዋን አየ።

«ዓሣ እኮ ነው እቴ፤ አይታረድም።»

«ታዲያ እንዴት ሞተ?»

«መረቡ ውስጥ ነዋ፤ ሌሊቱን እዚያው ሲታገል...»

«ታንቆ ሞተ በለኛ! በትንሣኤ ማግሥት በክት ልታበላኝ? ምሳው፣ አንተ ክርስትና የተነሣኸው የት ነው? እዚሁ ደብራችን አልነበረም እንዴ?»

አገራችንን ለማያውቅ ነገሩ ይህ ነው። ገደል የገባች ፍየል እንኳ ብትሆን፣ ሰው በሕይወት ደርሶ «በስመ አብ» ብሎ ቢላዋ ካሳረፈባት ምግብ ናት። ነፍሷ ከቀደመች ግን የጅብ ናት፤ ምንም ብትሰባ የሚነካት የለም። በረሃብ ዘመን እንኳ ይህን ሥርዓት የጠበቁ ሰዎች አሉን። ለተሥላሴም ያለችው ከዚያ የወጣ አይደለም።

ሲመለሱ ይስማው ዘዴ አመጣ። «ሰቆጣ እንውሰደው። እዚያ ባሕር ዳር የኖረ፣ ዓሣ የለመደ ሠራተኛ ሞልቷል። ማን አረደው ብሎ አይጠይቅም።»

«ጎረቤቴ በክት ያለውን ለሰቆጣ ሰው አልሸጥም» አለ ምሳው። «ይልቅ ነፍሱ ሳትወጣ እናመጣዋለን። ዐይናቸው እያየ ይታረዳል።»

«ዓሣ ሊታረድ?»

«ፍየል እንዴት ይታረዳል?»

«ፍየል አንገት አላት፣ ምሳው።»

ምሳው ግን ሐሳብ ከያዘ ወዲያ ጆሮው አይሠራም። ለቅዳሜው ገበያ ሁለት ሰፋፊ የፕላስቲክ በርሜል ውኃ ሞልቶ፣ ዓሣውን በውስጡ አድርጎ በአህዮች ጫነ። አህያ ስትራመድ በርሜሉ ይናጣል፣ ውኃው ይፈሳል፣ የቀረው ደግሞ በአበርገሌ ፀሐይ ለብ ይላል። ቆሮሶዎቹ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገለበጡ። ኒሯቅ ሲደርሱ በሕይወት የተገኘ አንድ ብቻ ነው፤ አምባዛ። ጥቁር፣ ሙልጭልጭ፣ ጢሙን ግራና ቀኝ ዘርግቶ እንደ ድሮ ጭቃ ሹም የሚያይ።

«ይኸው!» አለ ምሳው። ድምፁን ያልሰማ የለም። ገበያው ተሰበሰበ። እኔም በርበሬ ልገዛ ወጥቼ ነበርና ዱላዬን ተደግፌ ቆምሁ።

ምሳው አምባዛውን በሁለት እጁ አንሥቶ ድንጋይ ላይ አጋደመ።

«ወደ ምሥራቅ አዙረው!» አለ አንዱ።

«አዞርሁት!»

«ያ ጅራቱ ነው፤ ፊቱን ነው የምልህ!»

«አንገቱ የት ነው?» አለ ይስማው ቢላዋውን ሲያቀብለው።

«ይኼማ ሁለመናው አንገት ነው» አለች ለተሥላሴ ከበሯ ሆና።

ምሳው «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ሳይጨርስ አምባዛው ተስፈንጥሮ ከእጁ ወጣ። ጨው የምትሸጠው ወለተ ሰንበት ጭን ላይ አረፈ። ወለተ ሰንበት ጨዋ ሴት ናት፤ ያን ለታ ግን በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ የጀመረችውን እርግማን በአማርኛ ጨረሰችው። ምሳው ተከተለው፤ አምባዛው ጨው ተቀብቶ ወደ በርበሬው ዞረ። ሰው እየሳቀ ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። ምሳው በመጨረሻ ነጠላውን ጥሎበት፣ በላዩ ተኝቶ ያዘው።

በዚህ መካከል አባ ወልደ ሐዋርያት ደረሱ፤ የደብራችን ካህን ናቸው። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ጎንበስ ብለው ነጠላውን ገለጥ አደረጉ።

«ምሳው፣ ቅርፊቱ የታለ?»

«የ... የለውም አባ።»

«ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል ኦሪት። ይህ ለእኛ አይሆንም፤ ልቀቀው ልጄ።»

ለተሥላሴ እጇን አጨበጨበች። «አይ ምሳው! የተፈቀደው ሞተ፤ ያልሞተው አልተፈቀደም። እንግዲህ የቀረችህ አህያዋ ናት፣ እሷን እረዳት!»

ሳቁ እስከ ማታ አልበረደም። ምሳው ግን አልሳቀም። ቀልድ የሚያውቅ ሰው ሳይስቅ ሲቀር ያስፈራል። አምባዛውን በበርሜሉ መልሶ ይስማውን ወደ ውኃው ላከውና፣ እርሱ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ተቀመጠ። አባ ሲወጡ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደፈረኝ አይበሉኝ።»

«ጠይቅ።»

«ጌታ አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ባርኮ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲመግብ፣ ዓሣዎቹን ማን አረዳቸው?»

አባ ጢማቸውን ያዙ። እኔ ከአጠገባቸው ነበርሁ፤ መልሱን ለመስማት ጓጓሁ።

«አልታረዱም» አሉ ቀስ ብለው። «የዓሣ እርዱ ከውኃ መውጣቱ ነው። ይሁን እንጂ ታንቆ ያደረውን አታምጣብን። ከነነፍሱ አውጥተህ፣ በእጅህ እያለ፣ ስመ ሥላሴ ጥራበት። ከዚያ ወዲያ ቢሞት ምግብ ነው። ስም ያልሰማውን ግን አታብላን።»

«ለመረቡ በሙሉ አንድ ጊዜ ብጠራስ?»

«ፍየል ስታርድ ለመንጋው በጅምላ ትባርካለህ?»

«ኧረ አላደርገውም።»

«እንግዲያማ!»

ምሳው መስቀላቸውን ደግሞ ተሳለመና ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። «አባ፣ በጾምስ?»

«ምሳው፣ በር ከፈትሁልህ፤ ግድግዳውን ልታፈርሰው ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰርካለም እንኳ አልጠበቀችውም። ዓሣው ከነነፍሱ መውጣት ካለበት መረብ ማሳደር ቀረ። ጎሕ ሲቀድ ይጥላሉ፣ ጥቂት ቆይተው ይስባሉ፤ እንደገና ይጥላሉ። እያንዳንዱን ዓሣ በእጃቸው ይዘው ስም ይጠሩበታል፣ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ይከቱታል፣ ፀሐይ ሳትበረታ አህያዋ ትነሣለች። የምሳው «በስመ አብ» ከውኃው ማዶ ያሉ እረኞች ጆሮ ይደርስ ስለነበር፣ ቅዳሴ መስሏቸው ያማትቡ ነበር አሉ።

አንድ ማለዳ ምሳው መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶ ይዞ «በስመ...» ብሎ አቆመ።

«ምን ሆንህ?» አለ ይስማው።

«ግልገል ናት።»

«እና?»

«የምትጠባ ግልገል ላይ ስም ጠርቼ አላውቅም። በዓሣ ልጀምር?» አለና ወደ ውኃው ለቀቃት። ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኛው ሁሉ ግልገል የሚላትን ይለቃል። ይህን የሰማች ሰርካለም ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች።

«እኔ ለምኜ ያቃተኝን አባ ወልደ ሐዋርያት በአንድ ቃል አስደረጓችሁ!»

«አንቺ የሚቀርብንን ነገርሽን፤ እሳቸው ነውሩን ነገሩን» አለ ምሳው። «የአበርገሌ ሰው የሚቀርበትን ይችላል። ነውር ግን አይችልም።»

ሰርካለም አልተቀየመችም። ይልቅ ኒሯቅ ድረስ ወርዳ ለለተሥላሴ አንድ ብልሃት አሳየቻት። የዓሣውን ጉንጭ ገልጦ ውስጡን ማየት ነው። እንደ ደም ከቀላ የማለዳ ዓሣ ነው። እንደ አመድ ከነጣ ግን መረብ ውስጥ ሞቶ ያደረ ነው። ለተሥላሴ መታለል ስለማትወድ ብልሃቱን ወደደችው። የመጀመሪያውን ዓሣ አጥንቱን ለቅማ፣ ከትፋ፣ ሚጥሚጣና ቅቤ አድርጋ እንደ ዱለት ሠራችው። በር ዘግታ ቀመሰች። ስትወጣ ደጅ ሰው ቆሟል።

«እህስ?» አሏት።

«ፍየል አይደለም» አለች። «ግን አያሳፍርም።»

ለተሥላሴ ካለች ሌላ ምስክር አያስፈልግም። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ፍስክ ነው። የትንሣኤው ዶሮ ደግሞ አልቆ፣ የቤቱ ሁሉ ቆጥ ባዶ ሆኖ ነበር። ሰው ዓሣ መብላት ጀመረ። የትናየት ግን በሶዋን መፍጨት አላቆመችም። «ገበያ ዛሬ ይስቃል፣ ነገ ያለቅሳል» ትላለች። ስልቻው ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ በየቀኑ ይሞላል፤ ምሳው ሲገባም ሲወጣም ያየዋል።

ጰራቅሊጦስ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው የሆነው ነገር ሁሉን ሊያበላሽ ነበር። ከሰቆጣ የሠርግ ሚዜዎች መጥተው ለተሥላሴ ቤት ሊያርፉ ነው ተባለ፤ ብዙ ዓሣ ያስፈልጋል። ምሳው ፍየል ታማበት ውኃው ዳር ሳይወርድ አደረ። ይስማው፣ ለደግ ብሎ፣ መረቡን ማታ ጥሎ ተኛ። ጎሕ ሲቀድ የወጣው ብዛት አስደሰተው። ደርቆ ያደረውን ከሚንፈራገጠው ጋር ደባልቆ ጫነ፤ ምሳው መንገድ ላይ ተቀላቅሎ ጭነቱን ሳያይ አብረው ገቡ።

ለተሥላሴ እንደ ልማዷ የአንዱን ጉንጭ ገለጠች። ዘጋችው። የሌላውን ገለጠች። አልጮኸችም።

«ምሳው፣ ይኼ ስም ሰምቷል?»

ደላላው ከጎን ሻይ ቤት ነበረ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ምሳው ይስማውን አየው። ይስማው አህያዋን አየ።

ለተሥላሴ ያየችው ሁለቱን ብቻ ነው። «ከሥር ያለው ደኅና ነው» ብሎ መማል ይችል ነበር፤ ከፊሉም እውነት ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ገዢ አያገኝም። እምቢ ካለች ማኅበሩም አለቀለት፣ እርሱም ወደ በረሃው ነው። ምሳው ይህን ሁሉ ያውቃል።

«አልሰማም» አለ፣ በዚያ በፍየል ድምፁ። «ከመካከሉ የሰማ ይኖራል። የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። እንግዲህ ሁሉም አልሰማም ማለት ነው።» ጆንያዎቹን ከአህዮቹ አውርዶ፣ ከገበያው ጫፍ ወስዶ ደፋቸው። የኒሯቅ ውሾች ያን ለታ ትንሣኤያቸው ነበር።

ደላላው ከሻይ ቤቱ ሆኖ ተጣራ። «ምሳው! እንግዲህ ስልቻህን እሰር!»

ምሳው ቤቱ ሲገባ የትናየት የስልቻውን አፍ በጠፍር እያጠበቀች ነበር።

«ሰምተሻል?» አላት።

«ከአንተው ሰማሁ። አልሰማም ስትል እዚህ ድረስ ተሰማኝ።»

«ተቆጣሽ?»

«ውሸት ብለህ ቢሆን ነበር የምቆጣው» አለችና ጠፍሩን ቋጠረች።

በማግሥቱ ማለዳ ምሳው ስልቻውን ተሸክሞ ወደ ውኃው ወረደ፤ አንድ ጊዜ እንኳ መረብ ጥሎ ለመሰናበት ነበር ሐሳቡ። ሲደርስ ለተሥላሴ ከውኃው ዳር ቆማለች፤ ሌሎች ሁለት ምግብ ቤት ያላቸው ሴቶችም ቅርጫት ይዘው አብረዋት አሉ። ይስማው ፊቱን ደብቆ መረብ ያዘጋጃል።

«እቴ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«መንገዱን ሁሉ ስረግምህ ነው የመጣሁት!» አለች። «በክቱን ለውሻ ደፍተህ ሄድህ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው እረፍት ነሳኝ። ገበያ ያየህ ሁሉ በሬን እያንኳኳ 'የምሳውን ዓሣ' ይላል። የከፋውን ለውሻ የሚሰጥ፣ ለእኛ ደኅናውን ይሰጣል ይላሉ። ሚዜዎቹም ሰምተዋል፣ ሌላ አንበላም ብለዋል። ምን ቆመሃል? መረቡን ጣለው እንጂ!»

ምሳው ጣለው። ከመረቡ የሚወጣውን ያን ቀን ከሁሉ ጮክ ብሎ የባረከው ይስማው ነበር። ሴቶቹ ጉንጭ እየገለጡ ቅርጫታቸውን ሞሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ሁሉም ራበው፤ ምሳው ስልቻውን ፈታና በሶውን በውኃ በጥብጦ ለሁሉ አደለ። ለበረሃ የተፈጨ በሶ ለቁርስ አለቀ።

በጰራቅሊጦስ ደላላው የቀሩትን ሰዎች ይዞ ከመነሣቱ በፊት ለተሥላሴ ቤት ገብቶ ዱለት አዘዘ። ሳህኑ ሲቀርብለት መጉረሱን ትቶ ቀና አለ።

«ስም ሰምቷል?»

«ብላ» አለችው፤ «ካንተ ይልቅ ሰምቷል።»

ዛሬ ማኅበሩ ሰፍቷል። ወለተ ሰንበት ዓሣ ለሚያደርቁት ጨው ታቀርባለች፤ ያን አምባዛ ይቅር ብላዋለች። ሊሰደዱ ስንቅ ያሰሩ የነበሩ ጎልማሶች መረብ ይጠግናሉ፣ አህያ ይነዳሉ። ክረምት ሲገባ ዓሣ የሚራባበትን ሸለቆ፣ ለበሬ ሣር እንደምንከልል፣ ከልለውት መረብ አይገባበትም። ይህን ያለችው ሰርካለም ናት፤ የከለሉት ግን እነርሱ ናቸው።

ያን ስልቻ አይቼዋለሁ። ምሳው ነፍቶ፣ አፉን በየትናየት ጠፍር አስሮ፣ መረቡ እንዳይሰጥም ጫፉ ላይ አንሳፎታል። የትናየት ውኃው ዳር በወረደች ቁጥር እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትፈልገዋለች።

«ያው እዚያ ነው» ይላታል ምሳው፣ ማዶ ያሉ እረኞች ሁሉ እየሰሙ።